ኦቲዬኖ ያልሰማው ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ካለው ቤታችን ወደ ላቪንግተን ስንሄድ የልጅ ልጄ ሳምራዊት መኪናው ውስጥ ዘፈን ከፈተች። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሬ አብሬ ዘፈንኩ።

«አያቴ፣ ሲሪየስሊ! ይሄን ሶንግ እንዴት አወቅሽው? የዘፋኞቹን ቡድን ሁሉም ያውቀዋል፤ ይሄን ግን እኔም ትናንት ነው ያገኘሁት።»

እኔ ያወቅኩት ልጅ ሳለሁ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከአስመራ ናይሮቢ በመጣሁ በወሩ፣ የሚያዝያ ዝናብ መንገዱን ቀይ ጭቃ አድርጎት ሳለ፣ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር የአንድ ትንሽ ሆቴል ባንድ ዘፋኝ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ሥራ ካላገኘሁ ያስጠጋችኝ አክስቴ ወደመጣሁበት ልትመልሰኝ ቆርጣ ነበር። ጫማዬን በሣር ጠርጌ ገባሁ።

የባንዱ መሪ ኦቲዬኖ የሚባል ረጅም ጊታር ተጫዋች ነበር። የዚያን ስመ ጥር ቡድን ዘፈን እንደምችል ነገርኩት። ወዲያው ባንዱ ዓለም ያበደለትን የቡድኑን ዘፈን መጫወት ጀመረ። እሱን ደግሞ አልችለውም! አስመራ ቤታችን የነበረው የቡድኑ ካሴት አንድ ብቻ፣ ያውም ቡድኑ ገና ስም ሳያገኝ የሠራው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን፣ ያን ሳምራዊት መኪናው ውስጥ የከፈተችውን፣ ዘፈንኩ።

ሙዚቃው ቆመ። ከበሮ መቺው «ይሄ የነሱ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አይደለም» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ በልጅነቴ ትርጉሙን ሳላውቅ በጆሮዬ የለቀምኩት ስለነበር ግማሹ ቃል የራሴ ፈጠራ ነው። እንባዬ መጣ።

ኦቲዬኖ ግን አልሳቀም።

«እኛ ስላልሰማነው የለም ማለት አይደለም» አለ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። በጊታሩ እየተከተለ ዜማውን ፈልጎ ያዘው። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ ዘፋኞቹ ምን ለማለት እንደፈለጉ እየገመተ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አቃንቶ ጻፈልኝ። ሻይም ማንዳዚ ከሚሉት በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ጋር አስመጣልኝ። ማንዳዚው ትኩስ ነበር፣ ሄል ሄል ይሸታል፤ ቁርስ አለመብላቴን ያወቀብኝ ይመስለኛል።

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። አራት ዓመት ዘፈንኩ፤ ባለቤቴንም ያገኘሁት እዚያው ነው።

ኦቲዬኖ ከማረፉ በፊት ታሞ ልጠይቀው ሄጄ ያን ቀን አንስቼ አመሰገንኩት።

«እኔ ነኝ? ጨርሶ አላስታውስም» አለኝ፣ እጄን ይዞ እየሳቀ።

ያኔ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ደስ ይለኛል፤ የመጣውን ሰው ሁሉ እንዲያ ይቀበል ስለነበር የኔው ቀን አልተለየበትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሞቱ ወገኖቼ ስጸልይ፣ ከአባቴ ስም አስከትዬ የሱን እጠራለሁ።