የጣሰው አበቦችና የጋሽ ወልደሩፋኤል ንቦች

ባለቤቴ ጣሰው የንብ ባለሙያ ነው፤ ገበሬ ያሠለጥናል። ከደሴ ተመድበን ቦንጋ ከመጣን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። በእነዚህ ዓመታት አንዴ ከተተከሉ ዓመት እስከ ዓመት በሚቆዩ አበቦች ግቢያችንን ሞላው። ጦስኙ፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ ጽጌረዳው፣ ልብስ የማሰጣበት ቦታ እንኳ አላስተረፈልኝም። ስነጫነጭ "ንቦቹ ይቀየሙሻል" ይለኛል።

ንቦቹ ግን የእኛ አይደሉም፤ ከአጥር ማዶ ያሉት የጋሽ ወልደሩፋኤል ናቸው። ሽማግሌው አራት ቀፎ ነበራቸው። ማር በቆረጡ ቁጥር ከነሰፈፉ በሳህን ያመጡልናል። "ግማሹ የአበባችሁ ነው" ይላሉ።

ባለፈው ጥቅምት ግቢያችንን ሊያዩ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጽጌረዳውን ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ወሮታል። ጣሰው በየቀበሌው እየዞረ "ያበበ ተክል ላይ መድኃኒት አትርጩ፤ ግድ ከሆነም ንቦቹ ቀፏቸው ሲገቡ፣ አመሻሽ ላይ" እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። እሱው ራሱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ንቦቹ አበባውን ወረው እያሉ ረጨ።

"ንቦቹስ?" አልኩት።

"መድኃኒቷ ትንሽ ናት፣ ምንም አትልም" አለኝ። እንግዶቹ በማግስቱ መጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ወልደሩፋኤል የሞቱ ንቦች በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። "አቶ ጣሰው፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ምን ሆነውብኝ ነው?"

ጣሰው ንቦቹን በጣቱ አገላበጣቸው። "በሽታ ሳይሆን አይቀርም" አለ።

እኔ ጓዳ ገባሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ከአጥር ማዶ ጭስ ተነሣ። ሽማግሌው የሌላ ሰው ንብ እንዳይታመም ብለው አራቱንም ቀፎ ከተረፉት ንቦች ጋር አቃጠሉ። በሽታ የገባበት ቀፎ ይቃጠላል ብሎ በሥልጠና ያስተማራቸው ጣሰው ነው።

ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። እሑድ ጠዋት "ሄጄ እነግራቸዋለሁ" ብሎ ተነሣ። ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ እሳቸው በራችን ላይ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ" አሉ። "የታመሙ ንቦቼ አበባዎ ላይ ሲውሉ ከረሙ። ጉዳት አደረሱብዎ ይሆን?"

ጣሰው ቀና ብሎ አላያቸውም። "የለም፣ አበባው ደህና ነው" አለ።

"ተመስገን" አሉ ጋሽ ወልደሩፋኤል። እኔም አብሬ "ተመስገን" አልኩ።