የባሕር አረም በዳባት ባቄላ ላይ

ዳባት ተመድቤ በግብርና ሠራተኛነት ያገለገልሁት በደርግ ጊዜ፣ ጦርነቱ ከየቤቱ ሰው በሚወስድበት ዘመን ነው። አንድ ክረምት ከጎንደር ጥቁር ፈሳሽ የሞላበት ጀሪካን ተላከልኝ። ከባሕር አረም የተጨመቀ ነው፤ በውኃ ቀጥኖ ሲረጭ ባቄላን ያፋፋል ተብሏል። በቀይ አፈርም ውኃ በሚቋጥረው ጥቁር ዋልካም ላይ እንድሞክረው ታዘዝሁ።

ሁለቱም ዓይነት መሬት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ማሳቸውን ፈቀዱልኝ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ናት። ባሏ፣ አንድያ ልጃቸው፣ ለውትድርና ተወስዶ ምፅዋ ነበር።

ክዳኑን ስከፍት ሽታው ሰነፈጠኝ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«የየትኛው ባሕር ነው፣ ልጄ?»

«የቀይ ባሕር ነው ይላሉ፣ አባባ።»

ምራታቸውን ጠሩ። «ነይ አሽትችው። ባልሽ ያለበት አገር እንዲህ ነው አሉ የሚሸተው።»

አሸተተች። ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ከየማሳው ግማሹን ረጨን፣ ግማሹን ተውነው። ቀዩ አፈር ላይ የተረጨው ባቄላ ለምልሞ አበባው ጢም አለ። ዋልካው ላይ ግን የዝናቡ ውኃ ተኝቶበት የተረጨውም ያልተረጨውም ቢጫ ሆነ፤ ስነቅለው ሥሩ በስብሷል።

እሸቱ ሲደርስ መርዶ መጣ። ቤታቸው ስደርስ ምራቲቱ ፊቷን ነጭታለች፤ ሽማግሌው ደጅ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አስከሬን አልነበረም። የሚለቀስበት የልጁ አሮጌ ጋቢ ብቻ ነው።

ሰልስቱ ሳይወጣ ከአውራጃው ጎብኚዎች እንደሚመጡ ተነገረኝ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጉብኝቱን እንዲያስቀርልኝ ለመንሁት።

«የተያዘ ፕሮግራም ነው፤ አይቀርም» አለኝ።

መጡ። ሽማግሌው ራሳቸውን ተላጭተው ማሳው ዳር ቆሙ። ከባለሥልጣኖቹ አንዱ የቀዩን አፈር ባቄላ እየዳሰሰ፣

«አባት፣ ለሌሎች ገበሬዎች ምን ይላሉ?» አላቸው።

«ጥሩ ነው። ልጅ ያለው ይርጨው» አሉ።

አጨበጨቡ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ባቄላው ታጭዶ ለተዝካሩ ሽሮ ሆነ። ውጤቱን እንዳየሁት ለጎንደር አሳወቅሁ፤ መልስ አልመጣም፣ ሌላ ጀሪካንም አልመጣም። ምራቲቱ ደባርቅ ወላጆቿ ዘንድ ተመለሰች። ሽማግሌው ብቻቸውን ማረስ ስላቃታቸው ማኅበሩ መሬታቸውን ለሌላ ሰጠው። ከዳባት ስዛወር ልሰናበታቸው ሄጄ በራቸውን ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤታቸው ዋልድባ ገዳም እንደገቡ ነገረኝ።