በጥቁር ልብስ የሮጥኩበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ በሚገኝ ክሊኒክ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሐኪም ደም ግፊቴን ለካችና "እማማ፣ በየቀኑ ፈጠን ብለው ይራመዱ" አለችኝ። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን እንደሚያመነጭ፣ ጭንቀቱ ሲቆይ እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ እንቅስቃሴ ግን ሰውነትን እንደሚያረጋጋና ስሜትን እንደሚያነቃ አስረዳችኝ። "ደስ ደስ ሲልዎት ራስዎ ያዩታል" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ፊቴ በእፍረት ጋለ። በዚህ ዕድሜ የሚያሳፍር ነገር ያለቀብኝ መስሎኝ ነበር።

ነገሩን እሷ ሳትወለድ አውቀው ነበር። ሃያ ዓመቴ ላይ ታላቅ ወንድሜ ታሞ ሞተብን። ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው ሲበተን፣ እዚያው ካዛንቺስ በነበረችው ጠባብ ቤታችን እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። የእኔም ልብ ውሻ እንዳባረረው ሰው ይመታል፤ የቀረበልኝን እህል ሳልነካ እመልሳለሁ። እንቅልፍማ ሁለታችንንም ትቶን ሄዷል።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነው። አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁና ደረቴን ሲጨንቀኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ። መንገዱ ወደ ስታዲየም ቁልቁል ነውና ሳላስበው መሮጥ ጀመርኩ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ፣ ሸራ ጫማ፤ ዝናብ ያቆረውን ውሃ እየዘለልኩ። ስታዲየም ስደርስ ላብ አጥምቆኛል። ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ልቤ ቀስ እያለ ረጋ፤ ደረቴ ላይ የተጫነኝም ነገር አብሮ ቀለለ። ከዚያ ራበኝ። እንዴት ያለ ረሃብ! አንዲት ቁርስ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፉል በቃሪያና በትኩስ ዳቦ ጠራርጌ በላሁ።

እዚያ ከሚለማመዱት ስፖርተኞች አንዱ "እህት፣ በቀሚስ እንዲህ ከሮጥሽ በቁምጣ ማን ሊይዝሽ ነው?" ቢለኝ ከት ብዬ ሳቅሁ።

ቀና ስል ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አደረግሁ፤ ግን ፉሉም ሳቁም ታይቷል።

"አይ... የሞተ ተጎዳ!" ብለው አለፉ።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገባ። እናቴ ከፍራሹ ሳትነሣ "ሮጠሽ፣ በልተሽ፣ ሳቅሽ አሉኝ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"እማዬ..."

"ቀለለሽ ወይ? እኔን ይሄ ልቤ አላስቀምጥ ብሎኛል። ምን ብታደርጊ ነው የቀለለሽ? እስቲ ንገሪኝ።"

"ነይ፣ አብረን እንውጣ" ማለት ነበረብኝ። ግን የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ የእኔ ሰውነት ደስ መሰኘቱ ክህደት ሆነብኝ፤ ከሰፈሩ ይሉኝታ ይልቅ የገዛ ገላዬ አሳፈረኝ።

"እኔ አይደለሁም። እትዬ ብርቄ ተሳስተው ነው" አልኳት።

"እንዲያ ነው?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሸራ ጫማውን አልጋ ሥር ወረወርኩት። እናቴ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከለቅሶና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከቤት አልወጣችም። ዳግመኛም አልጠየቀችኝም። መሮጥ ያድናት ነበር አልልም፤ ሐዘን በሩጫ ብቻ አይወጣም። ቢያንስ ግን አንድ ጠዋት እንኳ ርቧት ፉል በበላች ነበር።

ሐኪሟ ካዘዘችኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ስታዲየም እራመዳለሁ። ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ላብ ላብ ሲለኝና ደረቴ ሲከፈት ያ ደስታ ሳልጠራው ይመጣል። እኔም ነጠላዬን ወደ አፌ እስባለሁ።

ትናንት አጠገቤ የምትራመድ ወጣት አየችኝና "እማማ፣ በርዶዎት ነው?" አለችኝ።

ላቤ በጆሮ ግንዴ እየወረደ፣ "አዎ ልጄ፣ በርዶኝ ነው" አልኳት።