ወንድሜን ያስቀርልኛል ያልኩት ማዘርቦርድ

ኮምፒውተር ብዙ ሰዓት ሲሠራ ከጀርባው የሚወጣ የሞቀ አቧራ ሽታ አለ። ባለፈው ሰሞን በምሠራበት ቢሮ የአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ክዳን ተከፍቶ ሲጸዳ ያ ሽታ ድንገት መጣና፣ ሐሳቤ የያዝኩትን ሥራ ጥሎ ቢቸና፣ ከወንድሜ ከጌትነት ጎን ወደነበረችው በርጩማዬ ሄደ።

እናታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተች ቤታችን የሦስት ሰው ቤት ነበር። አባባ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ ተማሪዎቻቸው፣ ከተማሪዎቻቸው ሲመለሱ ወደ ዝምታቸው ይገቡ ነበር። እኔን ያሳደገኝ፣ ጸጉሬን ሳይቀር አንዱን ጉንጉን ወፍራም ሌላውን ቀጭን እያደረገ ጎንጉኖ ትምህርት ቤት የሚልከኝ ጌትነት ነበር። የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጸ፣ የቀረጸውን በዴስክቶፑ እየቆረጠና እየቀጠለ ለሙሽሮች ይሰጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ቀርፋፋ ስለነበር የአንድ ሰርግ ፊልም አጠናቆ እስኪያወጣ ቀኑ ያልቅ ነበር፤ በመሐል መብራት ከጠፋማ ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር ነበር። ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ የሚሞላ አረንጓዴ መስመር ነበረ። መስመሩ በዘገየ ቁጥር ጌትነት ይበሳጭ ነበር፤ እኔ ግን እስኪሞላ ድረስ ሌላ የሚሠራው ስለማይኖር፣ የየሰርጉን ጉድ እያወራ ስለሚያስቀኝ፣ ቶሎ ባልሞላ እል ነበር።

አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ጮኸና መብራቱ ቦግ ብሎ ጠፋ። ጌትነት ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ማዘርቦርዱ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ያ ሰፊ ሰሌዳ፣ አንድ ጥጉ ጠቁሮ አገኘው። ጥቂት ቀን ሰነበተና አዲስ አበባ አንድ ቪዲዮ ቤት ሥራ እንደሚሞክር ለአባባ ነገራቸው። አባባ ምክንያቱን ቢጠይቁት፣ «ፈጣን ማሽን ቢኖረኝ እኮ እዚሁ እየሠራሁ እኖር ነበር» አለ። የተናገረው ለእሳቸው ነበር፤ ቃሉን ይዤ የቀረሁት ግን እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ ወጥቶ አደዩ ሲፈነዳ በደጀን በኩል በሚመጣ ሾፌር እጅ አንድ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን ስሌት ሁሉ የሚሠራውን ትንሽ ዕቃ፣ ላከ። ስልክ ሲደውልም አስረዳኝ፦ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱ ያልተቆለፈ ዓይነት ነው፤ ከፋብሪካ ከተወሰነለት በላይ እንዲሮጥ ማድረግ፣ ባለሙያዎቹ ኦቨርክሎክ የሚሉትን ማለት ነው፣ ይቻላል። ዳሩ ግን ማዘርቦርዱ ካልፈቀደለት ብቻውን ምንም አያመጣም፤ የሚፈቅዱት ቦርዶች ደግሞ አብዛኞቹ ውድ ስለሆኑ ርካሽ እስኪያገኝ እንድንጠብቅ ነገረኝ። ጠበቅሁ። መስከረም አልቆ ጥቅምት ገባ፣ ጤፉ ወደ መብሰሉ ደረሰ፣ ቦርዱ ግን አልመጣም፤ ስልክ መደወሉም እየሳሳ ሄደ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ከተማሪዎቻቸው ጋር ስለሚሆኑ፣ በባዶ ቤት ተቀምጬ ፕሮሰሰሩን እያወጣሁ አየው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ሞጣ ያለ አንድ ነጋዴ የኮምፒውተር ዕቃ እንደሚሸጥ ሰማሁና አባባን እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው። ለፋሲካ ያሰቡትን በግ ሸጡና፣ ፕሮሰሰሩን በጥጥ ጠቅልለው በመነጽራቸው ቤት ከተው፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ጌትነት ምን ማየት እንዳለብኝ በስልክ ስለነገረኝ መንገዱን ሁሉ በልቤ እየደገምኩት ነበር።

ሱሌማን የሚባለው ባለሱቅ ትሑት ሰው ነበር፤ አባባን ወንበር ሰጥቶ ሁለት ቦርድ አወጣልን። አንደኛው ባለቀለም ሳጥን ውስጥ ያለ አዲስ፣ ሁለተኛው ሳጥን የሌለው፣ በስፖንጅ የተጠቀለለ ያገለገለ ነበር። ፕሮሰሰሩ በሁለቱም ላይ ይገጥማል፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነበር።

«መሪጌታ፣ አዲሱን ይውሰዱ» አላቸው። «ቢበላሽ እቀይርልዎታለሁ።»

አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እኔ አስተያየት የምጠየቅ ሰው አልነበርኩም፤ ግን ሁለቱን ቦርዶች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ፕሮሰሰሩ ሲሮጥ ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ አጠገቡ ያሉት ኃይል የሚመጥኑት ጥቃቅን ዕቃዎች ይግላሉ፤ በአዲሱ ላይ ራቁታቸውን ነበሩ፣ ባገለገለው ላይ ግን ሙቀቱን የሚበትን ጥርሳም ብረት ለብሰዋል። ይህን ለባለሱቁ ካሳየሁት በኋላ ሁለቱንም አብርቶ የፍጥነቱን ቁጥር እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ሳይሰለች አንድ በአንድ ገጣጠማቸው። በአዲሱ ላይ ቁጥሩ ደብዝዞ አልነካም አለ። ባገለገለው ላይ ግን ቁልፉን ስንጫን አንድ ወደ ላይ ከፍ አለ፤ እንደገና ስንጫን እንደገና ከፍ አለ።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለ ሱሌማን። «ለዚህ ሥራ ይኼኛው ነው የሚሆናችሁ። ግን ያገለገለ ነውና ዋስትና የለውም።»

ያገለገለውን ገዛን። በመመለሻችን ቦርዱን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ጌትነት ተመልሶ ሲኖር የሚሆነውን ሁሉ ሳላቋርጥ አወራሁ፤ ቢቸና የቪዲዮ ቤት እንደሚከፍት፣ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ እንደማግዘው። አባባ ጉንደ ወይን እስክንደርስ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ የሚያስቀረው ይመስልሻል?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

ጥር ላይ ጌትነት መጣ። ቦርዱን በመብራት ስር እያገላበጠ ካየው በኋላ፣ «እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምመርጠው» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፣ እንደዚያ ግን ደስ ያለኝ አላስታውስም። ገጣጠመው፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ ሙቀቱን በየመሐሉ እያየ ከፋብሪካው ልክ በላይ አስሮጠው። የመጀመሪያውን ሰርግ ቀርጾ ሲመጣ በርጩማዬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ጌትነት ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የሆነውን ማውራት እንደጀመረልኝ አረንጓዴው መስመር ሞላ። በደስታ አጨብጭቦ፣ ወሬውን ሳይጨርስ ፊልሙን ለባለቤቶቹ ሊያደርስ ወጣ።

የጾሙ መያዣ ሲቃረብ ሻንጣውን አዘጋጀ። ማሽኑ ፈጣን ሆኖልህ የለም ወይ ስለው ጎንበስ ብሎ በስሜ ጠራኝና፣ «ስመኝ፣ ማሽኑ ሰበብ ነበር» አለኝ። «እዚህ መኖር አልቻልኩም። ለአባባ እንዲህ ብዬ መናገር ከብዶኝ ነው።»

ማሽኑን ለእኔ ተወልኝ። በዚያ በጋ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያንጫጫው፣ የድሮ ሰርግ ፊልም እየከፈትኩ እንደ አዲስ እንዲያወጣው አዝዘው ነበር። የማላውቃቸው ሙሽሮች ይጨፍሩ ነበር፣ መስመሩ ወዲያው ይሞላ ነበር፣ ከዚያ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ፋን ብቻውን ይጮህ ነበር። ጸጉሬንም ራሴ ጎንጉኜ መሄድ የለመድኩት በዚያ ዓመት ነው።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጌትነት አዲስ አበባ አግብቶ ወልዶ፣ የራሱን ቪዲዮ ቤት ከፍቷል፤ የልጆቹን ፊልም ሲልክልኝ ስልኬ በቅጽበት ይቀበለዋል። እኔም ጊዜዬ ደርሶ ከቢቸና ስወጣ አባባ አልከለከሉኝም፣ ምክንያቱንም አልጠየቁኝም፤ መናኸሪያ ድረስ ዕቃዬን ይዘው ሸኙኝ እንጂ። ያኔ ሰው ከቤቱ የሚወጣው አንድ ነገር ስለጎደለው፣ የጎደለውንም አግኝቶ የሚያመጣለት ሰው ስላጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን፣ እኔ ስወጣ ምን ጎድሎኝ ነበር ብዬ ሳስብ፣ አባባ ቢጠይቁኝ ኖሮ የምላቸውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።