አረንጓዴ የቀባሁት ሸለቆ

ገርጂ ቤታችን ውስጥ የተራራማ ወረዳዎችን ካርታ እየጨረስኩ ነበር። ከሰብል ጋር ዛፍ ለመትከል የሚስማማውን መሬት ሁሉ አረንጓዴ ቀብቻለሁ፤ ካርታው በማግስቱ ለወረዳዎቹ ተልኮ ችግኝ ይከፋፈልበታል። ለሕክምና መጥተው እኛ ጋ ያረፉት የባለቤቴ አባት መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ ላይ አገራቸውን ፈለጉ። አንዱን ሸለቆ በጣታቸው ነክተው፣

«እዚህማ ውርጭ ይጥላል፤ ገብስ እንኳ አይተርፍም» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ዳታው እንዲህ አይልም» ልላቸው ነበር፤ አማት ናቸውና ዋጥኩት። በብስጭት ዳታውን ከፍቼ ሳየው፣ የተጠቀምኩት የዓመቱን አማካይ ሙቀት ብቻ ነው።

«አማካዩ ደህና ነበር» አልኳቸው አፍሬ።

«ውርጭ ዓመት ሙሉ ምን ይሠራል? አንድ ሌሊት ይበቃዋል።»

ካርታው ገና አልተላከም። ሸለቆውን ከአረንጓዴው ሳወጣ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። እሳቸው ወንበራቸውን አስጠጉ።

«በል፣ ሌላውን አሳየኝ።»