ቄሱ በሆዳቸው የጠሩት ስም

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይባላል። እኔና የልጅ ልጄ ረድኤት ግን ከቃሊቲ መናኸሪያ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሰው ሲበዛ መሸሸጊያ ይሆናል ብዬ። አልሆነም። የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ እግሬን እንዳነሳሁ አንዱ ጎረምሳ ነጠላዬን ጎትቶ አወረደኝና አፌን በቡጢ አለኝ። «ስሟን ተናገሪ!» የፊት ጥርሴ መዳፌ ላይ ወደቀ። ረዳቱ፣ እግዜር ይስጠው፣ በጎማ መፍቻ ትከሻውን ብሎ ጣለልኝና እኔን እንደ ጆንያ ሽቅብ ወረወረኝ። አገሬን የተሰናበትኩት ደሜን እየዋጥኩ ነው።

ስሟን ያለኝ የልጄን የሰናይትን የክርስትና ስም ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ክርስትና ስትነሳ ቄሱ ያወጡታል፣ መተተኛ እንዳያገኘው ተደብቆ ይኖራል፣ ከእናትና ከንስሐ አባት በቀር ማንም አያውቀውም።

ሰናይት ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ከባል ዱላ ያመለጡ ሴቶች የሚደበቁበት ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ጠባቂ ነበረች። ዘበኛው ጋሽ ሸምሱ በሩን በዱላ ይጠብቃል፣ እሷ ማሽኑን በይለፍ ቃል። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደልም የለየሁት ከልጄ ደብተር ነው። ግን እራት ላይ ስታወራ እሰማለሁ። ማሽኑ ውስጥ የሴቶቹ መደበቂያ፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ የእናቶቻቸው መንደር ሳይቀር ተቀምጧል። ቤት ይቀየራል፤ የእናት መንደር እንዴት ይቀየራል?

ታዲያ ሚስቱ ያመለጠችበት አንድ ባለ ተሳቢ ነበር፣ ቃሊቲ መጋዘን ያለው። መጀመሪያ በተንኮል መጣ። በኃላፊዋ በወይዘሮ ሙሉ ስም «የሴቶቹን አድራሻ ባስቸኳይ ላኪልኝ» የሚል ኢሜይል ላከ። ሰናይት ብድግ ብላ ቢሯቸው ሄዳ «እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀች። አልነበሩም። ቀጥሎ በፍላሽ ቫይረስ አስገባ፤ አጸዳችው። «እማዬ፣ ቃሉን በስልክ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። የኛ ሰው ከሆነ በእግሩ ይመጣል» ትለኝ ነበር።

ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስታስተምር ግን አንድ ቀን እየሳቀች «የይለፍ ቃላችሁን የልጃችሁን ስም አታድርጉ፤ እኔ የንስሐ አባቴ ብቻ የሚያውቁትን ነው ያደረግሁት» አለች። ከሰሚዎቹ አንዱ ወሬውን ለባለ ተሳቢው ሸጠው።

ባለ ተሳቢው ከነሰዎቹ በር ሰብሮ ገባ። ጋሽ ሸምሱን በግንባሩ ደፉት። ሰናይትን በፀጉሯ ጎትተው ወንበር ላይ ጣሏት፣ ጣቶቿን መሳቢያ ውስጥ ከተው ጨፈለቋቸው። ጋሽ ሸምሱ ወለሉ ላይ ሆኖ የሰማውን ነግሮኛል።

«ክፈቺው፣ አንቺ ውሻ!»

«እጄን ሰብራችሁ በምኔ ልጻፍ?» አለቻቸው።

በክሪክ ዘንግ ጭንቅላቷን አሏት። ማሽኑን ነቅለው ይዘው ሄዱ። ልጄ አላደረችም። ባለ ተሳቢው ታሰረ፤ ገንዘቡ ተናገረና ከቀብሯ በፊት በዋስ ወጣ።

ማሽኑ እጃቸው ገባ፤ ግን ያለ ስሟ አይከፈትም። ደጋግመው ከተሳሳቱ የያዘውን ሁሉ ያጠፋል፣ እንደዚያ አድርጋ ነው የሠራችው። ስለዚህ ስሙን በጆሯቸው መስማት ነበረባቸው። የሟች የክርስትና ስም ደግሞ የሚሰማው ፍትሐት ላይ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከለቀስተኛው መሐል ቆመው ጋሽ ሸምሱ በዓይኑ አሳየኝ። የንስሐ አባታችን እግር ላይ ወደቅሁ።

«አባ፣ ስሟን በሆድዎ ይጥሩልኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ነፍስ እኮ የምትሸኘው በስሟ ተጠርታ ነው።»

«እግዜርማ በሆድም ይሰማል። ገዳዮቿ ከኋላዎ ቆመዋል።»

ዞር ብለው አዩ። ስሙ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። በማግስቱ ክንዳቸውን ሰበሯቸው፤ ስሙን አልተነፈሱም። እኔን «የልጅ ልጅሽን አንገት እንቆርጣለን» ባሉኝ ጊዜ ነው የረድኤትን እጅ ይዤ የወጣሁት።

አሁን ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ነን። ብርዱ የአቃቂን ክረምት ይመስላል፣ የወንዙ ሽታ ሲቀር፤ ያ ሽታ ይናፍቀኛል ብሎ ማን አሰበ! ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ነው። የስደተኛ መዝጋቢው በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ለምን ተሰደድሽ?»

«ስለ ልጄ ስም።»

«ስሟ ማን ነው?»

«አልናገርም።»

«ፖለቲካ ነው?»

«ኧረ የክርስትና ነው።»

«በሃይማኖት ምክንያት!» አለና ደስ ብሎት ጻፈ፤ ፎርሙ ላይ ምልክት የሚያደርግበት ሳጥን አገኘልኝ መሰለኝ።

ከሐበሾች አማርኛ የለቀመችው አከራዬ ደግሞ ግድግዳውን ትደበድባለች። «ማማ፣ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? እኔ ያከራየሁት ለሁለት ሰው ነው!»

«ከልጄ ጋር ነው፤ ሞታለች።»

«ፖሌ» አለች፣ አይዞሽ ማለት ነው። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ውኃ አትጨርስም» ብላ ሄደች።

እዚህም ቤተ ክርስቲያን አለን። ስሟን አላስጠራሁም። ከኋላዬ የቆመውን በምን አውቃለሁ?

ባለፈው እሑድ ስልኬ ጮኸ፤ የአገር ቤት ቁጥር ነው። «እማማ፣ ሙሉ ነኝ» አለኝ። ድምፁ የሳቸውን ይመስላል። ከበስተጀርባው ወያሎች «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ልክ እንደ ሳሪስ ጎዳና። «ሴቶቹ ሁሉ ደኅና ናቸው» ሲሉኝ ተንበረከክሁ። «የሰናይት ሙት ዓመት ደረሰ። አቦ ጸሎት ልናስደርግላት ነው። የክርስትና ስሟን ይንገሩን፣ ቄሱ በድምፅ ይጥሯት።»

ምን ያህል ጊዜ ይህን ተመኝቻለሁ! ስሙ ምላሴ ላይ መጣ፣ ጥርሴ የነበረበት ክፍተት ጋ ደረሰ።

«በእግርዎ ይምጡ» አልኩ።

«ናይሮቢ ድረስ? እማማ፣ በምን አቅሜ?» አለቀሱ። የእውነት ለቅሶ ነበር፤ ወይም የእውነት የሚመስል። እኔም አለቀስሁና ዘጋሁት። ወይዘሮ ሙሉ፣ እርስዎ ከነበሩ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰናይት ብትሆን እርስዎንም አትነግርዎትም ነበር።

ስልኩ እንደገና ጠራ። አላነሳሁትም፣ አላጠፋሁትምም። ሳሪስ ውስጡ ነበር፤ እስኪያቆም ድረስ ደረቴ ላይ አቅፌው ተቀመጥኩ።