ካርታ ሲጫወቱበት የሚፈጥን ኮምፒውተር

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ እንጂ ሰው አስታራቂ አይደለሁም። ባለፈው ግን ከዲላ ጨለለቅቱ ድረስ በሞተር ሄጄ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሁለት ሰዎች መሀል ገባሁ።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርቄ፣ ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ለጋሽ ዱካሌ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘው ጠበቁኝ። ኮምፒውተሩ የድሮ ፋይሎችን መጠባበቂያ ቅጂ ከበስተጀርባ ሲያዘጋጅ፣ ጋሽ ዱካሌ ካርታ ይጫወቱበታል።

«ሥራው የተጓተተው በዚህ ጌም ነው፤ አጥፋልኝ» አሉኝ ወይዘሮ ብርቄ።

«እንዲያውም ካርታ ስጫወት ነው የሚፈጥነው!» አሉ ጋሽ ዱካሌ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ቀልድ የሚባል ነገር የለም።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ፈተሽኩት። ለካ እውነታቸውን ነው! ቅጂው «የማያስቸኩል ሥራ» ተብሎ ስለተመደበ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ለእሱ ብሎ ፍጥነቱን አይጨምርም፤ እያንቀላፋ ይሠራል። ካርታው ሲከፈት ግን ይነቃል፤ ቅጂውም አብሮ ይፈጥናል።

ወይዘሮ ብርቄ አላመኑም። «ይነሱ እስኪ፣ ራሴ ልየው» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና መጫወት ጀመሩ። ቅጂው ፈጠነ። ደብዳቤውን ቀደው ጣሉት። ከዚያ ግን አልተነሱም። ቆሜ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ አንድ ነገር ብቻ ብቀይር እኮ ያለ ካርታም ይፈጥናል። ጌሙንም አጠፋዋለሁ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

«ጋሽ ዱካሌ፣ በሩን ይዝጉልኝ» አሉ። «አንተ ደግሞ ነገ ና።»